ስለ ቀላቢው ኤላዲዮና ደጄን ስለማታውቀው ኳስ

ላ ሳሊና፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ
ታኅሣሥ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ

ለክቡር ዶን ኢፖሊቶ ማርሞሌሆስ
የሳቢሳዎች ቤዝቦል ክለብ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ግልባጭ፦ ለከተማችን ሬዲዮ፣ ለፀጉር አስተካካዩ ግድግዳ፣ እንዲሁም ለሜዳው ትልቁ በር

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ብዕር የያዘችው እጅ የማን እንደሆነች ይወቁልኝ። የምትጽፈው ኔሬይዳ ቤሌን ናት፤ በወደቡ ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ የእኔ የክርስትና ልጅ፣ ከዚያም ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ የከፈተው የጎረቤቴና የአበልጄ የካሲሚሮ ቤሌን ልጅ። እኔ ሳቱርኒኖ ሄርሞሴን ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም፤ ሌላው ፊደል በሚቆጥርበት ዕድሜ ሸንኮራ ስቆርጥ፣ ከሸንኮራው ሳርፍ ደግሞ ለስኳር ፋብሪካው ቡድን ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ኳስ ስቀልብ ነበር። ኔሬይዳ የምናገረውን ሁሉ፣ በተለይም ስለ አባቷ የምናገረውን፣ ሳትቀንስና ሳታለዝብ እንዳለ ልትጽፍ በእመቤታችን ስም ምላልኛለች። እጁ የእሷ ነው፤ አፉ የእኔ ነው። ቅሬታ ያለው ሰው ወደ አፉ ይምጣ።

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የተከበሩ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ለገና የሚታረደው አሳማዎ ሁሉም ደህና ናቸው? የቢሮዎ ማቀዝቀዣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል ሲሉ ሰምቼ በጣም ደስ ብሎኛል፤ አንድ ከተማ ሙሉ በላብ ሲጠመቅ ቢያንስ አንድ ሰው ረጋ ብሎ ማሰብ አለበትና። እኛ ደህና ነን። ወገቤን ያመኛል፣ ግራ ዓይኔ ጭጋግ ለብሷል፣ ጆሮዬም እየደከመ ነው። ይሁን እንጂ ትናንት ማታ በሬዲዮ የተናገሩትን አንዲት ቃል ሳላስቀር ሰምቻለሁ፤ ካሲሚሮ የሱቁን ሬዲዮ መንገድ ተሻግሮ እኔ አልጋ ድረስ እንዲደርስ አድርጎ ከፍቶልኝ ነበር። ለዚህ መልካም ጉርብትናው እሱንም በዚሁ አመሰግናለሁ።

በሬዲዮው እንዲህ ብለዋል። የተጫዋቾች መለዋወጫው በር ዓርብ ማታ ስለሚዘጋ ክለባችን ሦስት መንገድ አለው፤ አንደኛው፣ ወጣቱን ቀላቢ ኤላዲዮን አዞዎቹ ለተባለው ተቀናቃኝ ክለብ ሰጥቶ ቬንቱራ የተባለውን ግራኝ ወርዋሪ መቀበል፤ ሁለተኛው፣ አንጋፋውን ቀላቢ ኦቶ ኬሳዳን አሰናብቶ ኤላዲዮን ወደ ዋናው ቡድን ማሳደግ፤ ሦስተኛው፣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ። ከዚያም ጉሮሮዎን ጠራርገው፣ «ልባችን ወደ መጀመሪያው ያዘነብላል፤ ወጣቶቹ ቀስ ብለው ይደርሳሉ፣ ዋንጫው ግን አይጠብቀንም» አሉ። ድምፅዎ በጣም ያምራል፤ በእውነት ነው የምልዎት። እኔ እንዲህ ያለ ድምፅ ቢኖረኝ ኖሮ የሰው ተጫዋች ለመስጠት አላውለውም ነበር፤ ሎተሪ አዞርበት ነበር።

እርስዎ ከዋና ከተማ ከመጡ ገና ሁለት የውድድር ዘመን ብቻ ስለሆነዎ አንድ ነገር ላስታውስዎ። በእኛ ሜዳ አንድ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዋናው ቡድን ጋር ገብቶ ኳስ መትቶ፣ ሮጦ አንደኛው ማረፊያ ላይ በሰላም ሲቆም ጨዋታው ለአፍታ ይቆማል። ያቺ ኳስ ከሜዳ ትወጣለች። በሚቀጥለው ቀን ልጁ ከነባልደረቦቹ፣ በከበሮና በአኮርዲዮን ታጅቦ፣ የመጀመሪያውን ጓንት እጁ ላይ ወዳጠለቀለት ሰው ቤት ሄዶ ኳሷን ያስረክባል። ክለቡም በጣሪያው ስር ካሉት የጥላ ወንበሮች በአንዱ ላይ የዚያን ሰው ስም በሰማያዊ ቀለም ያስጽፋል፤ ሰውዬውም እስከ ዕለተ ሞቱ እዚያ ይቀመጣል። የእኛ ከተማ ሹመት ይህ ነው። ሌላ ሹመት የለንም፣ አልፈለግንምም።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዎቼ እገባለሁ።

አንደኛ። ኦቶ ኬሳዳን በዚህ ዕድሜው በየቀኑ ቁጢጥ ስላስባሉት አመሰግንዎታለሁ። ጉልበቱ ሲታጠፍ የሚሰማው ድምፅ እኔ የምቀመጥበት የፀሐዩ ደረጃ ድረስ ይደርሳል፤ ጆሮዬ ደክሟል ብዬዎት የለ፣ እሱን ግን እሰማዋለሁ። ባለፈው እሁድ ሯጩ ኳስ ሳይመታ ሾልኮ ሁለተኛውን ማረፊያ ሊሰርቅ ሲሮጥ፣ ኬሳዳ ሊያስቀረው የወረወራት ኳስ ሦስት ጊዜ ነጥራ፣ መንገድ እንደጠፋት አሮጊት ዞር ዞር ብላ ደረሰች። ሯጩ ሱሪውን አራግፎ፣ ከጠባቂው ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ኬሳዳ የካሲሚሮ ተማሪ ስለሆነ ብስቅ ሰው ቀንቶ ነው ይለኛል ብዬ ነው።

ቀንቻለሁም። ይጻፍ። ኔሬይዳ ቀና ብላ አየችኝ፤ «ቀንቻለሁ ብለሽ ጻፊ» አልኳት፤ ጻፈች።

ሁለተኛ። ኤላዲዮን ለሁለት የውድድር ዘመን ከአጥሩ ጀርባ ስላስቀመጡልኝ አመሰግናለሁ። እዚያ ሆኖ ተጠባባቂ ወርዋሪዎችን ያሟሙቃል፤ ይቀልባል፣ ይመልሳል፣ ይቀልባል፣ ይመልሳል። እነሱ ሞቀው ወደ ሜዳ ሲሮጡ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ እሱ ላቡን ጠርጎ ተመልሶ ይቀመጣል። ሸሚዙ ላይ ቁጥር የለም፤ አስተዋዋቂው ስሙን ጠርቶ አያውቅም። ጨዋታ ሲያልቅ ደግሞ የኬሳዳን ጉልበት የሚያቀዘቅዘውን በረዶ ተሸክሞ ይከተላል። እንዲህ ያለ ትሕትና ለወጣት ጥሩ ነው፤ ሳያድግ እንዲያረጅ ያለማምደዋል። «ወጣቶቹ ይደርሳሉ» ማለትዎ እውነት ነው። ኤላዲዮ ደርሶ በርዎ ላይ ቆሟል፤ እርስዎ ግን በሩን ከውስጥ ደግፈው ይዘው «መቼ ይሆን የሚደርሰው?» ይላሉ።

ሦስተኛው በተለይ የራሴ ነው፤ ስለዚህ ታግሰው ይስሙኝ። ኬሳዳ ወጣት ሳለ የመታት የመጀመሪያዋ ኳስ ዛሬ ካሲሚሮ ሱቅ ውስጥ፣ በሳርዲንና በሮም አረቄ ጠርሙሶች መካከል፣ ድሮ አይብ ይሸጥበት በነበረ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ትኖራለች። መንደሩ ሁሉ ጨለማ ሲውጠው ካሲሚሮ የባትሪ መብራቱን የሚያበራው ለወተቱ አይደለም፣ ለዓሣውም አይደለም፤ ለእሷ ነው። ጨው ልገዛ ስገባ፣ «አበልጄ፣ ጨው እዚያ ከኳሷ ሥር ነው፤ ቀስ ብለህ አውጣ፣ እንዳትነካብኝ» ይለኛል። ጨው ድሮ እዚያ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጨዬን ከድልድዩ ማዶ ነው የምገዛው፤ ዝናብ ሲይዘኝ ከነጨዬ ሟሙቼ እመለሳለሁ።

ካሲሚሮ በጥላ ይቀመጣል። እኔ በፀሐይ እቀመጣለሁ። ሁለታችንም ከልጅነት ጀምሮ በዚያው ከፋብሪካው ጀርባ ባለው፣ የሸንኮራ ፉርጎዎች በሚቆሙበት ባዶ ሜዳ ልጆች ስናሠለጥን ኖረናል። ከእኔ ልጆች አንዱ ፖሊስ ሆነ፣ አንዱ ሰባኪ ሆነ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ትከሻው ወልቆ አሁን በረዶ ይሸጣል። ከካሲሚሮ ልጆች አንድ፣ ኬሳዳ ብቻ፣ ዋናው ቡድን ደረሰ። አንድ ነው ልዩነታችን። በዚያች አንድ ልዩነት ሰውዬው ሲያስነጥሰው እንኳ ጣሪያ ሥር እንዳለ ሰው ያስነጥሰዋል።

ኤላዲዮ የመጨረሻዬ ነው። ከእሱ በኋላ ማንንም አልያዝኩም፤ ኳስ ሲመጣ የማየው አንዱን ጎኑን ብቻ ነው። ልጁ እናቱ ዓሣ ስትሸጥ በመጥረጊያ እንጨት የጠርሙስ ክዳን ሲመታ አየሁት፤ ከሚመታው ይልቅ የሌሎቹን ክዳን በባዶ እጁ ሲቀልብ ነው የገረመኝ። እኔ ነኝ የወተት ካርቶን ቀድጄ፣ አጥፌ፣ ጠርዙን በዓሣ ማጥመጃ ክር ሰፍቼ፣ በግራ እጁ ላይ ያጠለቅሁለት። ጓንቱ በዚያው ሳምንት ዝናብ አገኘውና ሾርባ ሆነ፤ ሌላ ሠራሁለት። እሱም ሾርባ ሆነ፤ ሌላ ሠራሁ። እንግዲህ ኤላዲዮን ለአዞዎቹ ቢሰጡብኝ ያቺ የመጀመሪያ ኳሱ በሰው ከተማ ትመታለች። እዚያ እንዲህ ያለ ልማድ የለም፤ ኳሷን ወስደው የክለቡ መደርደሪያ ላይ ከሌሎች ጋር ይደረድሯታል አሉ። ስለዚህ ክቡርነትዎን በታላቅ ትሕትና የምለምነው ሁለተኛውን መንገድ እንዲመርጡ ነው፤ ኬሳዳን በክብር ያሰናብቱ፣ ኤላዲዮን ያሳድጉ፣ እኔንም ከፀሐይ ያውጡኝ።

አራተኛ።

አራተኛውን ልናገር አፌን ስከፍት ካሲሚሮ መጣ። ከሱቁ በር ጀምሮ እየጮኸ ነው የመጣው።

«ሳቱርኒኖ! ድምፅህ እኮ ደንበኛ አባረረብኝ! ከማን ጋር ነው የምትጣላው?»

«ከማንም አልተጣላሁም። ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው።»

«አንተ? በምንህ?»

«በልጅህ።»

ኔሬይዳ ብዕሯን ሳታነሳ፣ «ይባርኩኝ አባዬ» አለችው። «እግዜር ይባርክሽ» ብሎ ወንበሬን ስቦ ተቀመጠ። ጥላ ውስጥ ያለውን ወንበር መሆኑ ነው። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር ተናገረ።

«በከንቱ ነው የምትደክመው አበልጄ። እኔ ዛሬ ጠዋት ቢሮ ሄጄ ዶን ኢፖሊቶን አነጋግሬያቸዋለሁ። ኦቶ ጉልበቱ አልቋል፤ እኔው ራሴ ያሳደግሁት ልጅ ነው፣ እኔው ራሴ ነገርኳቸው። ኤላዲዮን አትስጡብን፣ እሁድ አስገቡት አልኩ። እናስብበታለን ብለውኛል።»

ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ደነገጥኩ። ይህ ሰው ለእኔ ብሎ የገዛ ተማሪውን ሊያስነሳ በዚህ ፀሐይ ቢሮ ድረስ ሄደ ብዬ፣ ደህናው ዓይኔ ሊያነባ ምንም አልቀረውም። ምነው እስከዛሬ በክፉ አየሁት እያልኩ፣ ከድልድዩ ማዶ የገዛሁት ጨው ሁሉ እየቆጨኝ፣ «ለምን እንዲህ አደረግህ?» አልኩት።

«እንዴ! የመጀመሪያውን ጓንት ያጠለቅሁለት እኔ አይደለሁ?» አይለኝም! «ለልጆች ስጦታ በሚሰጥበት በሦስቱ ነገሥታት በዓል ለሰፈሩ ልጆች የቆዳ ጓንት ሳድል ለኤላዲዮ በእጄ ያጠለቅሁለት ማን ሆነና? ስሜንም ለቢሮው ሰጥቻለሁ። ሁለተኛ የመስታወት ሳጥን አዝዣለሁ፤ ይኼኛው ሰፋ ይላል።»

«ካርቶኑስ?» አልኩት።

«የምን ካርቶን?»

«ከአንተ ቆዳ በፊት እጁ ላይ የነበረው የእኔ ካርቶን!»

«ካርቶን ጓንት ነው ካልክማ፣ እናቱ ለጡት ስታስጠጋው ያጠለቀችለት ካልሲም ጓንት ነዋ! ኳሷን ለእሷ እንስጣታ!»

«ባንተ ቆዳ የቀለበው በእኔ ካርቶን ስለተማረ ነው!»

«በአንተ ካርቶን የተማረው ወተት መሽተት ነው!»

ኔሬይዳ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። «አባዬም ዝም በል፣ አባባም ዝም ይበሉ! የቱን ነው የምጽፈው?» አለች። «ሁሉንም» አልናት፤ በዚህ እንኳ ተስማማን። ጽፋ ስትጨርስ፣ «ጓንቱን እጁ ላይ ያደረገው ልጅ እዚሁ ከተማ ውስጥ አለ፤ እሱን የጠየቀው ግን የለም» ብላ ወረቀቱን ገለበጠች። አስተማሪ ስለሆነች እንዲህ ያለ ነገር ትናገራለች።

ካሲሚሮ ተነስቶ ወጣ። ደጃፉ ላይ ደርሶ ዞር ብሎ፣ «እሁድ ከጎኔ ያለችው የጥላ ወንበር ባዶ ናት፤ ሁለተኛ ስሜን እዚያ ያስጽፉልኛል። አልፎ አልፎ እንድትቀመጥባት እፈቅድልሃለሁ» አለኝ። እየሳቀ መንገዱን ተሻገረ። አንድ ሰው በሁለት ወንበር! መቀመጫው እኮ አንድ ነው ክቡር ሆይ፤ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሁለት አይሞላም።

አራተኛውን ስለዚህ ረስቼዋለሁ። ይለፍ።

አምስተኛ። ከላይ የለመንኩትን ሁሉ ትቼዋለሁ። ኔሬይዳ «ልሰርዘው?» ብላኝ ነበር፤ «አትሰርዢ፣ ይኑር፤ ሰውዬው የምንፈልገውን የማናውቅ ሰዎች መሆናችንን አስቀድሞም ያምናል» አልኳት። አሁን የምለምነው እንዲህ ነው፤ ክቡር ዶን ኢፖሊቶ፣ እባክዎ ኤላዲዮን ለአዞዎቹ ይስጡልኝ። ዛሬውኑ ይስጡት። ዓርብን አይጠብቁ፤ መኪና ካጣ ዓሣ የሚጭነውን የእህቴን ልጅ መኪና እለምንለታለሁ። ኳሷ እዚያ ሰው አገር መደርደሪያ ላይ አቧራ ትልበስ፤ ወደ ባሕር ይወርውሯት፤ ውሻ ይጫወትባት። በዚያ ሰፋ ባለው ሳጥን ውስጥ፣ በባትሪ መብራት፣ ከሳርዲኑ በላይ እንዳላያት ብቻ።

ይህን ካልኩ ዘንድ፣ ልነግርዎ ያላሰብኩትንም ልንገርዎ። ኤላዲዮ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ መጥቶ ነበር። አንድ አቮካዶ ይዞልኝ መጣ፤ ከወንበሬ አጠገብ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። ይህ ልጅ ወንበር ቢሰጡትም አይቀመጥም፤ እኔ ነኝ ያስለመድኩት።

«ታታ፣ የአዞዎቹ አሠልጣኝ ደወለልኝ» አለ፤ ታታ የሚለኝ እንደ አባት ቆጥሮኝ ነው። «ከመጣህ እሁድ ከመጀመሪያው ትቀልባለህ፣ ትመታለህም ብሎኛል።»

«እኔ እዚህ ላስገባህ እየታገልኩ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ ታታ። ግን እዚህ ኦቶ እስኪወድቅ ነው የምጠብቀው። ሰው እስኪወድቅ መጠበቅ ደክሞኛል። በረዶውን ስሸከምለት ጉልበቱን አያለሁ፤ ማታ ማታ ይብስበት ይሆን እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ምን ሆኜ ነው እንዲህ የማስበው እላለሁ።»

«ኳሷስ?» አልኩት።

«የቷ ኳስ?»

እንደዚያ ነው ያለኝ። የቷ ኳስ። እኔና አባቷ — የኳሷን ሳይሆን የኔሬይዳን አባት ካሲሚሮን ማለቴ ነው — ለዚያች ኳስ ስንት ዓመት በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ሆነን ዓይን ለዓይን ስንፋጠጥ፣ ልጁን ትዝ ብላውም አታውቅም። እጁን ብቻ አየ። ግራ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን እንዲህ ከፈተና ዘጋ። መሐል ጣቱ ዱሮ ተሰብሮ ጎበጥ ብሎ የገጠመ ነው፤ ያቺን ጣት እኔ ነኝ በእንጨት ያሰርኳት። «ታታ፣ መጫወት ነው የምፈልገው» አለ። ከዚያ «ይባርኩኝ» አለ፤ ባረክሁት። አጭር ነበር ቡራኬው፤ ተናድጄ ነበርና።

እሱ ከሄደ በኋላ ነው ኔሬይዳን ጠርቼ ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት፤ እዚህ እንዲቀር የለመንኩዎትም ልጁ መሄድ እንደሚፈልግ እያወቅሁ ነው። እሱ መጫወት ይፈልጋል፣ እኔ ኳስ እፈልጋለሁ፣ ካሲሚሮ ሁለተኛ ሳጥን ይፈልጋል፣ እርስዎ ግራኝ ወርዋሪ ይፈልጋሉ። ከአራታችን ሜዳ ውስጥ የሚገባው አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ የእሱ ይሁን። እኔ ይህን የምለው ደግ ስለሆንኩ እንዳይመስልዎ፤ ካሲሚሮ መጥቶ ስላናደደኝ ነው። ባይመጣ ኖሮ አሁንም «ያሳድጉልኝ» እያልኩ ስለምንዎት ነበር። እንግዲህ ልጁ ዕድል ከቀናው ካሲሚሮን ያመስግን። ያንንም ጻፊው ኔሬይዳ፤ አባትሽ አንዴ እንኳ ጥሩ ነገር ሠርቶ ይመዝገብለት፣ ሳያውቀው ቢሆንም።

ለትዕግሥትዎ፣ ለሬዲዮ ድምፅዎ፣ ለበረዶው ተሸካሚ፣ ቁጥር ለሌለው ሸሚዝ፣ ለፀሐዩ ደረጃ፣ በዚያም ላይ ከሻይ ቤቱ ጎን ለተከላችሁልን አንድ የዘንባባ ዛፍ፣ ጥላው ሁልጊዜ ወደ መኪናዎ ማቆሚያ ለሚያርፈው፣ በአጠቃላይ ስላደረጉልንና ስላላደረጉልን ሁሉ ጉልበቴ በሚታጠፍበት መጠን ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ከኬሳዳ የተሻለ ይታጠፋል።

የክለብዎ የዘወትር ተመልካች፣ የፋብሪካው ቡድን የቀድሞ ቀላቢ፣ የካሲሚሮ ቤሌን አበልጅ ሆኖ የቀረው፣
ሳቱርኒኖ ሄርሞሴን
(ስሜን ኔሬይዳ ጽፋለች፤ አውራ ጣቴን እኔው አትሜያለሁ)

ተጨማሪ፦ ክቡር ሆይ፣ ኔሬይዳ የጨዋታውን መርሐ ግብር አንብባልኝ ነበር፤ እርስዎ ምናልባት ሥራ በዝቶብዎ አላዩት ይሆናል። አዞዎቹ እሁድ የሚጫወቱት በከተማቸው አይደለም። እዚህ ነው የሚመጡት፤ በእኛ ሜዳ፣ ከእናንተ ጋር። ቬንቱራም ከመጣልን በዚያው ቀን አዲሱን የሳቢሳ ልብስ ለብሶ ይወረውራል ብለው በሬዲዮ ተናግረዋል። ኤላዲዮ ከልጅነቱ ጀምሮ ግራኝ ወርዋሪ ሲያይ ዳቦ እንዳየ ሰው ነው የሚሆነው፤ ይህን ኮምፒውተርዎ ሳይነግርዎ አይቀርም። ልማዱ ደግሞ የክለቡ አይደለም፣ የሜዳው ነው፤ ለማንም ቢመታ ጨዋታው ይቆማል። ነገር ግን ልጁ የእናንተ ስላልሆነ የመጀመሪያውን ጓንት ማን አጠለቀለት ብሎ ቢሮዎ አያዝበትም፤ የካሲሚሮም ስም እዚያ መዝገብዎ ውስጥ በሰላም ይተኛል። ኳሷ በራሱ እጅ ትገባለች። ለማን እንደሚወስዳት እሱ ያውቃል፤ እኔ አልጠይቀውም፣ ማንም እንዳይጠይቀው። ሰኞ ጠዋት ደጃፌ ክፍት ይሆናል፤ ይኸውም ለነፋሱ ብዬ ነው። ከበሮውን ተከትለው መምጣት ከፈለጉ ቤቴ ከካሲሚሮ ሱቅ ትይዩ ነው፤ እሱ በር ላይ ቆሞ ስለሚጠብቅ አይጠፋዎትም።

በይ አሁን ኔሬይዳ፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢልኝ። ጮክ አድርጊው፤ መስኮቱንም ክፈቺ፣ እስከ መንገዱ ማዶ ይሰማ።